በርሜሎቹ የታጠፉበት ቦታ

ባለፈው ሳምንት ልጄ የጂኦግራፊ መጽሐፉን ይዞ ጓዳ ድረስ መጣና የተወለድኩበትን ክፍለ ሀገር ጮክ ብሎ አነበበልኝ። ስፋቱ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል። አብዛኛው በረሃ ነው። ሕዝቡ እጅግ አነስተኛ ነው። የሚተዳደረው በጨው፣ በከብትና በጭነት ማመላለስ ነው። በቃ፣ አለቀ። ገጹን ሲገልጠው ወንዝና ደን ያለው ሌላ ክፍለ ሀገር መጣ፤ ለሱ ገጽ በገጽ ላይ ተሰጥቶታል።

"እማዬ፣ እጅግ አነስተኛ ማለት ምን ያህል ነው?" አለኝ።

"አንድ ሰው ሲሞት ከተማው የሚጎድል ያህል" አልኩት።

ቀልድ መስሎት ሳቀና ሄደ። እኔ ግን ቢላዋውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ይህን ያህል ዘመን አልፎም ያ ቦታ ሲነሳብኝ ክው እላለሁ። ሰው ልጅነቱን ሲያስታውስ ፈገግ ይላል ይባላል። እኔን ያየ ግን መብረቅ የመታኝ ነው የሚመስለው።

መጽሐፉ እንኳ አልዋሸም። እኛ "ከተማ" የምንለው በአንድ መስመር የተደረደሩ የቆርቆሮ ቤቶችን ነበር። ከኋላችን ጠጠር፣ ከጠጠሩ ማዶ ራቁቱን የቆመ ተራራ። ፊት ለፊታችን የጨው ሜዳ። ቀትር ላይ ያን ሜዳ አፍጥጦ ያየ ሰው ቤት ሲገባ እንስራና ወንበር መለየት ያቅተዋል። ነፋሱ ራሱ ጨው ነው። ከንፈራችን ሁልጊዜ የተሰነጠቀ፣ ልብሳችን ታጥቦ ሲደርቅ ያለ ሰው የሚቆም ነበር። ዛፍ ምን እንደሚመስል ያወቅሁት ሻይ ቤታችን ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው የጎማ ኩባንያ ካላንደር ነው።

ሻይ ቤቱ የእናቴ ነው። ጨው የጫኑ መኪኖች ከማውጫው ተነስተው ወደ ትልቁ ከተማ ሲወርዱ፣ ባዶዋቸውን ሲመለሱም፣ እኛ ጋ ይቆማሉ። ሹፌሮቹ ሻይና ዳቦ ከእናቴ፣ ሳሙናና ባትሪ ከባለሱቋ ይወስዳሉ። ጎማቸውን ደግሞ ጋሽ ጎማ ይለጥፍላቸዋል። ጋሽ ጎማ ጎሚስታችን ነው፤ ስሙን የሚያውቅ ልጅ አልነበረም፣ አዋቂዎቹም የረሱት ይመስለኛል። ጨው ቆፋሪው፣ ከብት አርቢው፣ ሁሉም የሚኖረው በነዚያ መኪኖች ነው። መኪና ካልቆመ ከተማው የለም። ይህን ማንም ሳይነግረኝ አውቀው ነበር።

አባቴ የውሃ ቦቴ ሹፌር ነበር። ከተራራው ሥር ካለው ጉድጓድ ቀድቶ ያመጣዋል፣ ሰፈሩ በሙሉ ይጠጣል። በዚህ የተነሳ ራሴን የባላባት ልጅ አድርጌ ነበር የምቆጥረው። ሰማያዊ ታንከሩ ብቅ ሲል ልጆቹ ሁሉ ወደኔ ዞረው ያዩኛል፣ እኔም አላየሁም ብዬ አንገቴን እቀስራለሁ። እሱ "ሹፌሬ" እያለ ይጠራኝና ጭኑ ላይ አስቀምጦ መሪውን ያስይዘኛል።

ውሃ ስላመጣ ግን ውሃ አልተረፈንም። እናቴ ሕግ ነበራት። ፊት የታጠበበት ውሃ እግር ይታጠብበታል፣ እግር የታጠበበት ወለል ይረጭበታል። አንድ ቀን ኩባያ ሙሉ ደፍቼ እንዴት እንደቆነጠጠችኝ እስካሁን ጭኔን ያመኛል። "ደምሽን ብትደፊው ይሻለኝ ነበር!" ነበር ያለችኝ። ክፉ ሆና አይደለም። እዚያ አገር እንዲህ ነው የሚወራው።

መንገዱ በርሜል ነው። አስፋልት የሚባል ነገር አልነበረም። ነጭ ቀለም የተቀባ፣ ድንጋይ የተሞላ በርሜል ቆሟል፤ እሱ ጋ ስትደርስ ሌላኛው በሩቅ ይታይሃል፣ ወደሱ ትነዳለህ። ሹፌር አቧራ ሲነሳ ሰማይ ከምድር አይለይም፣ በርሜሉን ብቻ ነው የሚያየው። አባቴ ነፋስ የጣለው በርሜል ሲያገኝ መኪናውን አቁሞ ይወርድና ያቆመዋል። ከዚያ በራሱ ፎጣ አቧራውን ይጠርግለታል።

"ለኔ እንዲህ ብታደርግልኝ ምን ነበረበት?" ትለዋለች እናቴ።

"አንቺ መች ወድቀሽ ታውቂያለሽ?" ይላታል። እሷ ትስቃለች። ሳቋ ያኔ ከሆዷ ነበር የሚወጣው።

ታዲያ አንድ ቀን ከመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤት ሰዎች መጡ። ጨው ሜዳው ላይ ረጃጅም ብረት እየሰኩ፣ እየነቀሉ፣ እየለኩ ሰነበቱ። እናቴ ሻይ በነፃ አጠጣቻቸው። ሲጨርሱ አዲስ የበርሜል መስመር በሜዳው መሀል ለመሀል ተክለው ሄዱ። አሮጌው መንገድ ሜዳውን በጠርዙ ዞሮ በኛ በር ያልፍ ነበር፤ አዲሱ ቀጥ ብሎ ያቋርጣል፣ ግማሽ ቀን ይቆጥባል። ከዚያ ወዲህ መኪኖቹን በሩቅ እንደ ጭስ ነበር የምናያቸው።

ሻይ ቤቱ ዝም አለ። ማንቆርቆሪያው ተጥዶ ይፈላል፣ ይወርዳል፣ ይቀዘቅዛል። ዳቦው ደርቆ እኛው በሻይ እየነከርን በላነው።

"ገደሉን እኮ" አለ ጋሽ ጎማ አንድ ቀን፣ ሥራ ፈት እጁን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ።

እኔ ዙሪያዬን ማየት ጀመርኩ። ሁሉም በሕይወት አለ። "ማን ሞተ?" አልኩ።

"እኛ!" አለችኝ ባለሱቋ። "እኔ እህቴ ጋ መሄዴ ነው። እዚህ ተቀምጬ ለራሴ ሳሙና አልሸጥም።"

"ሂጂ" አለች እናቴ። "አንቺ እህት አለሽ። እኔ ይቺ ቤት ናት ያለችኝ። ከዚች ከወጣሁ ልጄን ይዤ ሰው ቤት ልብስ አጣቢ መሆኔ ነው።"

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለ በርሜል አወሩ። ጥቂት በርሜል፣ ትንሽ ጠምዘዝ፣ ማን ያውቃል፣ የሚል ነገር ሰማሁ። አባቴ ይህን ሲሰማ ኩባያውን ጠረጴዛው ላይ በኃይል አስቀመጠ።

"ስሙኝ" አለ። "ማመልከት ነው ካላችሁ አብሬያችሁ ሄጄ አመለክታለሁ። በርሜል ግን አይነካም። በርሜል ሲነካ ያየሁትን ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ አልምረውም።"

ማንም ይሁን ማን ሲል ዓይኑ ያረፈው እናቴ ላይ ነበር። እኔ ግን ለኔ የተባለ መሰለኝ፤ በርሜሎቹ ላይ ወጥቼ እጨፍር ነበራ። ደንግጬ ከጠረጴዛው ሥር ገባሁ፣ ሁለተኛም አልወጣባቸውም ብዬ ለራሴ ማልኩ።

ብዙም ሳይቆይ የቦቴው ካምቢዮ ተበላሸ። አንድ አላፊ መኪና ጎትቶት፣ አባቴ መሪውን ይዞ፣ ከሜዳው ማዶ ወዳለው ትልቁ ከተማ ለጥገና ሄደ። ውሃ ከጉድጓዱ በአህያ መጫን ጀመርን። እሱ እንደሄደ ሰንበት ብሎ፣ አንድ ጠዋት፣ እናቴ ነጠላዋን አጥብቃ ታስር ጀመር።

"ነይ" አለችኝ። "አንቺን የምተውለት ሰው የለም።"

በጋሽ ጎማ አሮጌ ፒክ አፕ ነበር የሄድነው፤ ባለሱቋ ከኋላ፣ እኔ እናቴ ጭን ላይ። አዲሱ መስመር ጋ ደርሰን ቆምን። ከበርሜሎቹ ድንጋዩን ያወጡታል፣ በርሜሉን ጭነው ይወስዱታል፣ ወደኛ ሰፈር አቅጣጫ ያቆሙታል፣ መልሰው ድንጋዩን ይሞሉታል። ጋሽ ጎማ በየቦታው በተረከዙ መሬቱን እየረገጠ "ብረት ነው! ብረት!" ይላል። ባለሱቋ ወገቧን ይዛ ታቃስታለች። እናቴ ላብ በላብ ሆና ትስቃለች። ለእኔ ትልቅ ሽርሽር ነበር።

"አባዬ በርሜል አይነካም ብሎ የለ?" አልኳት።

እናቴ ድንጋዩን እንደታቀፈች ቆመች። ጋሽ ጎማና ባለሱቋም ቆሙ።

"አይነካም ያለው ለሌላ ሰው ነው" አለችኝ። "ለእኛ አዞን ነው የሄደው። የአባትሽ ሥራ ነው የምንሠራው።"

ደስታዬ! አባቴ ውሃ ብቻ ሳይሆን መንገድም ያመጣል ማለት ነው። ያን ቀን እየዘለልኩ ነው የዋልኩት።

አባቴ ምንም አላዘዘም፣ ምንም አያውቅም ነበር። የመንገድ ሥራ ሰዎች ያን ሁሉ ቀን ብረት ሲሰኩ የሰነበቱት ከነጩ ቅርፊት በታች ጭቃ ስላለ ነው። ቅርፊቱ አንዱ ጋ እንደ ግድግዳ ይወፍራል፣ ሌላው ጋ እንደ ዳቦ ልጣጭ ይሳሳል፤ ከላይ ሁሉም አንድ ነው። እነሱ ወፍራሙን መርጠው ነበር የተከሉት። እኛ ግን በጋሽ ጎማ ተረከዝ ብቻ ተማምነን ነበር የታጠፍነው። በኋላም መኪና ባለፈበት ቁጥር የሳሳው ቅርፊት ከሥር እየተሰነጠቀ ሄደ።

መኪኖቹ መጡ። አምላኬ፣ እንዴት እንደመጡ! ሹፌሮቹ በርሜሉን ተከትለው ሲነዱ ሳያስቡት በራችን ላይ ይደርሳሉ፤ "እንዴ፣ እዚህ ናችሁ?" ይላሉ። እናቴ "የት እንሄዳለን?" ትላቸዋለች። ማንቆርቆሪያው ከእሳት አልወርድ አለ። ባለሱቋ እህቷን ረሳች። ጋሽ ጎማ እያፏጨ ጎማ ይደበድባል። እናቴ ፀጉሯን ተሠራች፣ ሬድዮው ተከፈተ፣ እኔ ለመጣው ሹፌር ሁሉ "መንገዱ የአባቴ ነው" እላለሁ። "ጎበዝ አባት አለሽ" ይሉኛል። እናቴ ከምድጃው ዞር ብላ ታየኝና ወደ ማንቆርቆሪያው ትመለሳለች።

"እሱ ሲመጣስ?" ብሎ ጋሽ ጎማ ሲጠይቃት ሰምቻለሁ።

"እሱ እንደሆን ይሄን አገር እንደ መዳፉ ነው የሚያውቀው" አለች። "በርሜል አይቶ መች ይነዳል? በጠርዙ ዞሮ ነው የሚመጣ። ከደረሰ በኋላ ይቆጣ፣ ይጩህ፤ መኪኖቹን ሲያይ ይረሳዋል።"

ይህ ነው ዛሬም እንቅልፍ የሚነሳኝ። አሥር ዓመት አብራው የኖረች ሴት፣ በርሜል ሲወድቅ ወርዶ አቧራ የሚጠርግ ሰው በርሜል አይቶ አይነዳም ብላ አሰበች። ከሁሉም ሹፌሮች በበርሜል የሚያምነው እኮ እሱ ነበር! መስመሩ ወደኛ ታጥፎ ሲያገኘው ለክተው ያዞሩት የመንግሥት ሰዎች ናቸው ብሎ ነው የሚያስበው፤ ያንን ትቶ እሱ በጠርዝ የሚዞርበት ምክንያት አልነበረውም።

የመጣው ቀትር ላይ ነው። ከበሩ ደፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። ሜዳው ላይ ሙቀቱ እየተርገበገበ ሳለ ሰማያዊ ነገር አየሁ። ቦቴው ነው! ቆሜ አጨበጨብኩ። ወደኛ እየመጣ እየመጣ፣ ትልቅ እየሆነ፣ ድንገት አነሰ። ከፊቱ ዝቅ ብሎ ግመል እንደሚንበረከክ ተንበረከከ።

እየሳቅኩ ወደ ውስጥ ሮጥኩ። "እማዬ፣ አባዬ መጣ! መኪናው ግን ተቀመጠ!"

እናቴ ሰው ልታስተናግድ ብርጭቆ ይዛ ነበር። ብርጭቆው ከእጇ ወደቀ። ፊቷ እንደዚያ ሲሆን አይቼ አላውቅም፤ ደሙ ሁሉ ጥሎት ሄዶ እንደ ሜዳው ነጭ ሆነ። "በየት በኩል?" አለችኝ።

"በአባዬ መንገድ!" አልኳት።

ሮጠች። ሁሉም ሮጠ። እኔም ተከተልኳቸው። ባለሱቋ አንድ እግሯ ላይ ጫማ ሳይኖር ትሮጣለች። ጠጠሩ አልቆ ነጩ የሚጀምርበት ጋ ስንደርስ ጋሽ ጎማ እጁን ዘርግቶ ሁላችንንም አገደን። የቦቴው የፊት ጎማ እስከ ግማሹ ገብቷል፣ ዙሪያው ጥቁር ጭቃ ወጥቷል። ታንከሩ ባዶ አልነበረም፤ ከትልቁ ከተማ ውሃ ሞልቶት ነው የመጣው። አባቴ ጋቢናው መወጣጫ ላይ ቆሞ እጁን አውለበለበልን። ሳቀ እንኳ። ጥርሱን አይቻለሁ።

"ሹፌሬ! አትጠጊ!" አለኝ።

"ሰጠመብህ ወይ?" ጮኸ ጋሽ ጎማ።

"ትንሽ ነው! ገመድ አምጡ! ምን ዓይነት ነገር ነው፣ በርሜሉ ላይ እኮ ነኝ!"

በርሜሉ ላይ እኮ ነኝ ሲል ጋሽ ጎማ ፊቱን ወደኋላ አዞረ። እኔ እንደገና ኮራሁ፤ በራሱ መንገድ ላይ ነው ያለው ብዬ።

ጋሽ ጎማ ለገመድ ወደ ሰፈር በረረ። በዚህ መሀል ቦቴው ቂቅ የሚል ድምፅ አሰማና ትንሽ ወረደ። የአባቴ ሳቅ ቆመ። እናቴ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ጮኸች።

"ውሃው ነው! ክብደቱ ነው! አፍስሰው!"

አባቴ አልሰማት መሰለኝ። ወይም ሰምቶ ማመን አቃተው። እናቴ ናት እኮ፣ ለአንዲት ኩባያ ጭን የምትቆነጥጠዋ ሴት።

"አፍስሰው እኮ ነው የምልህ! በልጅህ ሞት! ይቅለልህ!"

ከመወጣጫው ወደ ኋላ ተሻገረና ትልቁን ሩቢኔት አዞረው። ውሃው ወጣ። እንዲህ ያለ ውሃ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም ነበር፤ እንደ ክንድ ወፍራም ሆኖ፣ እያብረቀረቀ፣ ነጩ መሬት ላይ። ወሽመጤ ብጥስ አለ። ያ ሁሉ ውሃ! ሰፈሩ ሁሉ ስንት ቀን የሚጠጣው! ድንጋጤዬ ሁሉ ስለ ውሃው ነበር።

"አባዬ አታፍስሰው!" ብዬ አለቀስኩ። "እማዬ ትቆጣለች! አታፍስሰው!"

ዞሮ አየኝ። ምን እንደመሰለው አላውቅም። እኔ ግን ተናድጄበት ነበር፣ እውነቴን ነው፤ አባቴን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ተናድጄበት ነው።

ጨው በውሃ እንደሚሟሟ የማያውቅ ሰው የለም። እናቴ በየቀኑ ድስቷ ውስጥ ታየዋለች። እዚያ የቆመው ሰው ሁሉ ጨው እየበላ፣ ጨው እየጫነ፣ ጨው ላይ ተወልዶ ያደገ ነው። ያን ቀን ግን አንድም ሰው አላሰበውም። መሬታችን ሁልጊዜ ደረቅ ስለሆነ ከጨው የተሠራ መሆኑ ጠፍቶን ነበር።

አባቴ ቀለለልኝ ብሎ ወደ ጋቢናው ገባ፣ በሩን ዘጋ፣ ሞተሩን አስነሳ። ጎማው ዞረ። ከሥሩ ያለው ነጭ ነገር በዙሪያው ግራጫ ሆኖ ነበር፣ እንደ ራሰ ስኳር። ቦቴው ወደ በሩ በኩል ዘመም አለ፤ ቀስ ብሎ፣ ሰው ጎኑን ለመተኛት እንደሚዞር። ጋቢናው ጭቃው ውስጥ ገባ። ሞተሩ ጥቂት ጮኸና ዝም አለ።

ማንም አልጮኸም። ይህን ነው ለሰው መንገር የሚያቅተኝ። ሰው ሁሉ ለቅሶ ነበር ብሎ ያስባል። አልነበረም። በቁማችን ደርቀን ቀረን። ሰማያዊው ታንከር ብቻ ነው የሚታየው፣ ውሃው ከሩቢኔቱ መፍሰሱን አላቆመም፣ ድምፁ ደስ የሚል ድምፅ ነበር። ጋሽ ጎማ ገመድ ተሸክሞ እየሮጠ መጣና "የታል?" አለ።

የታል? እናቴ እጇን ወደ ሜዳው ዘረጋች። ጋሽ ጎማ ገመዱን ወገቡ ላይ አስሮ ገባ፣ ከነጉልበቱ ሰጠመ፣ ጎትተው አወጡት፣ እንደገና ገባ፣ እንደገና ጎተቱት። በስተመጨረሻ መሬቱ ላይ ተደፍቶ በቡጢው ይመታው ጀመር።

አባቴን ከትልቁ ከተማ በመጣ ማሽን አውጥተው ከሰፈሩ ጀርባ ጠጠሩ ውስጥ ቀበሩት። እኔን አላሳዩኝም። ለረጅም ጊዜ የሞተው ውሃ ስላፈሰሰ ነው ብዬ አምን ነበር። እናቴ እንዳስተማረችኝ፣ ውሃ የሚደፋ ሰው ይቀጣል፤ እሱ ብዙ ደፋ፣ ብዙ ተቀጣ። ሌላ ምክንያት ሊኖር እንደሚችል በሐሳቤም አልመጣም።

ከመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤት መርማሪ መጣ። ባርኔጣውን ይዞ ሻይ ቤታችን መሀል ቆመ። ደግ ፊት ነበረው። ሰዉ ሁሉ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል።

"በርሜሎቹ እኛ ከተከልንበት ተነቅለዋል" አለ። "ይሄ ሰው የሞተው በዚያ ነው። ያንቀሳቀሳቸው ማነው?"

ባለሱቋ ጣቷን ትቆጥራለች። ሬድዮው በጨርቅ ተሸፍኗል።

"ነገሩ ነፍስ የጠፋበት ነው" አለ መርማሪው። "ያወቀ ሰው ቢናገር ይሻላል።"

ጋሽ ጎማ ከተቀመጠበት ተነሳ። "እኔ..." አለ።

"ባሌ ነው" አለች እናቴ።

ጋሽ ጎማ አፉ እንደተከፈተ ቀረ። መርማሪው ወደ እናቴ ዞረ። ጥቁር ልብሷን ለብሳ፣ ከምድጃው አጠገብ ቀጥ ብላ ቆማለች።

"ሟቹ?" አለ።

"አዎ። ለኛ ብሎ ነው። መኪና ሲጠፋብን፣ ቤቱ ሲዘጋብኝ አይቶ። ለካምቢዮ ከመሄዱ በፊት ነው ያዞራቸው። ተው ብዬው ነበር።"

መርማሪው ሰዉን አንድ በአንድ አየ። ሁሉም መሬት መሬት ያያል። እኔ ብቻ ነበርኩ ቀና ብዬ ያየሁት፣ የማውቀው ነገር ስለተጠየቀ። "እውነት ነው?" አለኝ ጎንበስ ብሎ።

"አዎ!" አልኩት በኩራት። "መንገዱን የሠራው አባቴ ነው።"

ራሴን ዳሰሰኝ። "ይቺ ልጅ የምትዋሽ አይመስለኝም" አለ ለራሱ እንደሚናገር። ባርኔጣውን አደረገ። እናቴ ሻይ ቀዳችለት፤ ጠጥቶ፣ አዝኖልን ሄደ።

እኔ አልዋሸሁም። የተነገረኝን ነው የተናገርኩት። የዋሹት ግድግዳውን የተደገፉት ሁሉ ናቸው፣ በዝምታ።

መሥሪያ ቤቱ ከዚያ በኋላ ጨው ሜዳውን ተወው። አደገኛ ነው ተባለ። ግሬደር መጥቶ አሮጌውን የጠርዝ መንገድ ጠርጎ፣ አስፍቶ፣ ጠጠር ደልድሎ በራችን አሳለፈው። መኪኖቹ ሁሉ፣ በሕግ፣ ለዘላለም፣ እኛ ጋ ቆሙ። እናቴ ሁለተኛ ክፍል ሠራች፣ አልጋ ማከራየት ጀመረች። ባለሱቋ ሱቋን በብሎኬት ገነባች። የውሃ ቧንቧ እንኳ ገባልን። የፈለግነውን ሁሉ አገኘን። በልጄ መጽሐፍ ላይ "ጭነት ማመላለስ" ተብሎ የተጻፈው ይሄ ነው።

ቁመቴ እናቴን ሲደርስ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ለመስመሩ አዲስ የሆነ ረዳት ይዞ አንድ ሹፌር ገባ። ጋሽ ጎማ በሩ አጠገብ ተቀምጦ የጎማ ካላማዳሪ ይለጥፋል። እኔ ጠረጴዛ እጠርጋለሁ። ሹፌሩ ዳቦውን እየቆረሰ በመስኮቱ ወደ ሜዳው አመለከተ።

"አየህ እዚያ ጋ? ስግብግቡ ቦቴ የሰጠመው እዚያ ነው።"

"ማነው እሱ?" አለ ረዳቱ።

"ሚስቱ ሻይ ቤት ነበራት አሉ። መኪና ወደሷ እንዲሄድ ብሎ በርሜል ነቅሎ መንገድ የሰረቀ ሰው ነው። ስንት ሹፌር ሊፈጅ ነበር! እግዜር ግን ፈራጅ ነው፣ ራሱን በላው። እኔ እዚያ ባለፍኩ ቁጥር እተፋበታለሁ።"

እጄ ላይ ያለው ጨርቅ ወደቀ። አባቴ፣ መንገድ የሠራው አባቴ፣ በሹፌሮች አፍ የሚተፋበት ሰው እንደሆነ አላውቅም ነበር። ወደ እናቴ ዞርኩ። አሁን ትጮኽበታለች፣ አሁን ማንቆርቆሪያውን ትደፋበታለች አልኩ። እናቴ የስኳር ጣሳውን ይዛ ወደ ሹፌሩ ሄደች።

"ስኳር ልጨምርልህ?" አለችው።

"ጨምሪልኝ፣ እናቴ" አላት።

ጋሽ ጎማ መዶሻውን ወረወረው። "አፍህን ዝጋ!" አለ ብድግ ብሎ። "ሰውዬው አንዲት በርሜል አልነካም! አንዲትም!"

"ጋሽዬ" አለች እናቴ ቀስ ብላ። "በእናትህ ተቀመጥ።"

ሹፌሩ ግራ ገብቶት አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን ያያል። ጋሽ ጎማ አልተቀመጠም። አስተውሎ አየኝ፤ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር፤ ወጥቶ ሄደ። እኔም በቆምኩበት ያ ጠዋት፣ ፒክ አፑ፣ ድንጋይ የታቀፈችው እናቴ፣ "አዞን ነው የሄደው" ያለችኝ፣ ሁሉም በአንዴ መጣብኝ። እናቴን ወደ ጓዳ ተከትያት ገባሁ።

"አያውቅም ነበር?" አልኳት።

ጀርባዋን ሰጥታኝ ብርጭቆ ታጥባለች። ቧንቧው ተከፍቷል፣ ውሃው እንደልቡ ይወርዳል።

"አያውቅም ነበር" አለች።

"ታዲያ እንዴት... እንዴት በሱ ታላክኪያለሽ? አንቺ?"

"ጋሽ ጎማ አፉን ከፍቶ ነበር" አለች። "እሱ ከታሰረ እኔንም ያስሩኛል። አንቺ የት ትገቢ ነበር? አባትሽን ማንም ሊያስረው አይችልም። እሱን ብቻ ነበር ማሰር የማይችሉት።"

"ስሙን ግን..."

ዞረች። እንደማታለቅስ አየሁ። ምናለ ብታለቅስ ብዬ ተመኘሁ፣ ይህን ያህል የሚያስደነግጥ ፊት አይቼ አላውቅም።

"በሕይወት ሳለ ውሃ እያመጣ አጠጣን" አለች። "ከሞተ በኋላ ደግሞ ስሙ ነው ያበላን። ይቺ ቤት፣ ያ አልጋ፣ ያንቺ ትምህርት ቤት፣ ምን መሰለሽ? ስሙን ነው የበላነው። እኔ ብቻዬን አይደለሁም፣ አንቺም በልተሻል። ሰፈሩ ሁሉ በልቷል።"

ከውጭ የመኪና ጥሩንባ ተሰማ፣ ሌላ የጨው መኪና ቆሞ ሹፌሮቹ እየወረዱ ነው። እናቴ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ማንቆርቆሪያውን አነሳች። እኔ የታጠቡትን ብርጭቆዎች በሰሃኑ ላይ ደርድሬ ከኋላዋ ተከተልኳት።